በየትኛው ሥጋችን እንነሣለን?

አምስቱን አዕማደ ምሥጢር የተማረ የቤተ ክርስቲያን ልጅ ከአምስተኛው፣ ማለት ከምሥጢረ ትንሣኤ ሙታን ሲደርስ፣ በልቡ የምትነሣ አንዲት ጥያቄ አለች፤ መምህሩን በጉባኤ መካከል ለመጠየቅ ያፍር ይሆናል እንጂ ሳያስባት የሚያልፍ ጥቂት ነው። ሙታን በገዛ ሥጋቸው ይነሣሉ ከተባለ በየትኛው ሥጋቸው ነው? ሰው በሃያ ዓመቱ የለበሰው ሥጋ በአርባ አምስት ዓመቱ ከለበሰው ጋራ በመልክም በሚዛንም አይተካከልም፤ በሰባ አምስት ዓመቱ ከዘራ ተደግፎ የሚሸከመው ደግሞ ከሁለቱም የተለየ ነው። ወገቡ የቀጠነው ጎረምሳ፣ አንገቱና ሆዱ የሞላው አባወራ፣ ቆዳው ከአጥንቱ የላላው ሽማግሌ፣ ሦስቱም በአንድ ክርስትና ስም የሚጠሩ፣ አንዱ በበደለው ሌላው ንስሐ የሚገባ፣ አንዱ በተበደረው ሌላው የሚከፍል አንድ ሰው ናቸው።

የአገራችን መምህራን ለዚህ ጥያቄ የሰጡት መልስ የታወቀ ነው። አዳም የሠላሳ ዓመት ጎልማሳ፣ ሔዋንም የአሥራ አምስት ዓመት ቆንጆ ሆነው እንደ ተፈጠሩ፣ እንዲሁ በትንሣኤ ዘጉባኤ ወንዱ የሠላሳ፣ ሴቲቱ የአሥራ አምስት ዓመት አካል ይዘው ይነሣሉ፤ ሕፃን ሆኖ የሞተው አድጎ፣ አርጅቶ የሞተው ታድሶ። የሂጶ ኤጲስ ቆጶስ የነበረው አውግስጢኖስም እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር በ426 ገደማ በፈጸመው ‹የእግዚአብሔር ከተማ› በተባለው ታላቅ ድርሰቱ፣ በመጨረሻው በ22ኛው መጽሐፍ ይህንኑ ነገር በሰፊው አትቶ፣ የከሱም የወፈሩም ሰዎች በዚህ ዓለም ሳይወዱ የለበሱትን መልክ በወዲያኛው ዓለም ይለብሱታል ብለው እንዳይፈሩ አጽናንቷቸዋል። የትምህርት ቤታቸውም የቋንቋቸውም መንገድ የተለያየ እነዚህ ሊቃውንት ስለ ወንዱ ወደ ሠላሳ ዓመት አካባቢ ተገናኝተው መቆማቸው ለእኔ ትንሽ ነገር ሆኖ አይታየኝም።

የሚያሳስበኝ ግን ከትንሣኤ በፊት ያለው ዘመን ነው። ፈጣሪ የሰውን ነፍስ አንዲት አድርጎ ሳለ ሥጋውን በየዘመኑ የሚጨምርና የሚጎድል፣ የሚፋፋና የሚመነምን አድርጎ መፍጠሩ ምን ሊያስተምረን ነው? በጎልማስነት የሚጨመረው፣ በርስዕና ጊዜ የሚቀነሰው ያ ክብደት የማን ነው? ከወዴት መጥቶ ወዴትስ ይሄዳል? ሰው ስለ እርሱ የሚመሰገንበት ወይም የሚነቀፍበት ምክንያት አለን?

አበው መተርጕማን ሰውን ከሰባት ባሕርያት የተፈጠረ ይሉታል፤ ሦስቱ የነፍስ ናቸው፣ ለባዊነት፣ ነባቢነት፣ ሕያውነት፤ አራቱም የሥጋ ናቸው፣ ነፋስ፣ እሳት፣ ውኃ፣ መሬት። ከዚህ ተነሥተው ዕድሜን በአራት ይከፍሉታል፤ ከልደት እስከ ሃያ ዓመት ባሕርየ ነፋስ፣ ከሃያ እስከ አርባ ባሕርየ እሳት፣ ከአርባ እስከ ስልሳ ባሕርየ ማይ፣ ከስልሳ እስከ ሰማንያ ባሕርየ መሬት በሰው ላይ ይሠለጥናሉ፤ ሰማንያውም በመዝሙረ ዳዊት ለብርቱዎች የተወሰነው የመጨረሻው ወሰን ነው። መምህራኑ ይህን የሚያስተምሩት ስለ ጠባይ ነው፤ ስለ ወጣት ቍጣ፣ ስለ ጎልማሳ መረጋጋት፣ ስለ ሽማግሌ ዝምታ። ነገር ግን ትምህርቱን ወደ ሥጋ ክብደት መልሶ ለሚመለከተው ሰው የሚገጥመው በሚያስደንቅ አኳኋን ነው። ባሕርየ ነፋስ የሠለጠነበት ልጅ የበላው የት እንደ ደረሰ አይታወቅም፤ እናቱ እንጀራውን ከሞሰብ ሳታነሣ እርሱ ደጅ ወጥቶ ሮጦ ተመልሶ ዳግመኛ ይራባል። ባሕርየ እሳት የሠለጠነበት ጎልማሳ የተጣለለትን ሁሉ አቃጥሎ ወደ ሥራና ወደ ፍትወት ይለውጠዋል። ባሕርየ ማይ የሠለጠነበት ግን ውኃ ጐድጓዳውን ፈልጎ እንደሚሞላ፣ ሥጋው ከሆድና ከወገብ፣ ከአገጭና ከአንገት ሥር ሄዶ ይረጋል። መሬት የሠለጠነበት አዛውንትም ወደ ጥንተ ተፈጥሮው ሊመለስ ስለ ቀረበ እርጥበቱ ይነጥፋል፣ ቁመቱ ያጥራል፣ አካሉ ይደርቃል።

የዘመናችን ሊቃውንተ ጠባይዕ በሌላ መንገድ ሄደው የደረሱበትን ከዚህ ጋራ ማስተያየት ይገባል። እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር በ2021 ‹ሳይንስ› በተባለው መጽሔት የታተመ አንድ ታላቅ ጥናት ከ29 አገሮች የተሰበሰቡ ከ6,400 የሚበልጡ ሰዎችን፣ ከተወለደ 8 ቀን ከሆነው ሕፃን አንሥቶ እስከ 95 ዓመት አረጋዊ ድረስ፣ በቀን ምን ያህል ኃይል እንደሚያቃጥሉ መርምሯል። የአንድ ዓመት ሕፃን እሳት ከአካሉ መጠን ጋራ ሲመዛዘን ከትልቅ ሰው እሳት በግማሽ ያህል ይበልጣል፤ ከዚያም እስከ ሃያ ዓመት ቀስ በቀስ ይበርዳል፤ ከሃያ እስከ ስልሳ ግን ሳይጨምርም ሳይቀንስም ጸንቶ ይኖራል፤ ከስልሳ በኋላ በየዓመቱ ከመቶ 0.7 እጅ ያህል እየቀነሰ ይሄዳል። እንግዲህ አበውና የዛሬ መርማሪዎች በሃያውና በስልሳው ወሰን ይስማማሉ፤ በአርባው ግን ይለያያሉ። ይህ ልዩነት በቀላል ሊታለፍ አይገባም። በአርባ ዓመት የሰው እሳት ካልጠፋ፣ «ዕድሜዬ ነው ያወፈረኝ» ብለን የምናመካኝበት ምክንያት ይወድቃልና። በዚያ ዘመን የሚጨመረው ክብደት ከተፈጥሮ ይልቅ ከልማድ የመጣ ነው ማለት ነው፤ ከወንበር፣ ከመኪና፣ ከሹመት፣ በየግብዣው ከሚቆረጠው ሥጋ፣ ልጅ በነበርን ጊዜ በእግር እንሄድበት የነበረውን መንገድ በእግር መሄድ ከማፈራችን። ከዚህም ጋራ ሳይታይ የሚሠራ ሌላ ነገር አለ፤ ከሠላሳ ዓመት ወዲህ ሰው በየአሥሩ ዓመት ከጡንቻው ከመቶ 3 እስከ 8 እጅ ያህል ያጣል፣ በቦታውም ስብ ይተካል፣ ስለዚህ በሚዛን ላይ ቁጥሩ ሳይለወጥ ሰውየው ሊለወጥ ይችላል።

ይህን ሁሉ በዓይኑ ማየት የሚወድ ሰው ወደ ቸርችል ጎዳና ይውጣ። ከለገሃር ባቡር ጣቢያ ተነሥቶ፣ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታልንና ፖስታ ቤትን ይዞ፣ ቴዎድሮስ አደባባይን አልፎ እስከ ማዘጋጃ ቤት የሚወጣው ይህ መንገድ ቀጥ ያለ ዳገት ስለ ሆነ ሰው የሥጋውን ክብደት ሳይመዘን የሚያውቅበት ቦታ ነው። የሊሴ ገብረ ማርያም ተማሪዎች ደብተራቸውን በብብታቸው ይዘው እየተጫወቱ ይወጡታል፤ ጎልማሳው ስልክ የሚያናግር መስሎ መካከል ላይ ቆሞ ያርፋል፤ ከአራዳ ጊዮርጊስ ቅዳሴ የሚመለሱት እናቶች ቁልቁለቱን ሳይቀር ጉልበታቸውን ይዘው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው በዝግታ ይወርዱታል።

በዚህ ጎዳና ዳር፣ በአዲስ አበባ በሌሎችም አውራ መንገዶች እንደሚታየው፣ ሚዛን ይዘው የሚቀመጡ ልጆች ለብዙ ዘመን ኖረዋል። መሣሪያው መስተዋት ያለው፣ መርፌው የሚንቀሳቀስ አነስተኛ የሰው ሚዛን ነው፤ ከሥሩ ካርቶን ይነጠፍለታል፣ ዝናብ ሲመጣ ላስቲክ ይለብሳል። አንድ ቀን ከፖስታ ቤት ወጥቼ ሳልፍ ሙሉ ልብስ የለበሱ አንድ ወፍራም ሰው ኮታቸውን አውልቀው ለጓደኛቸው ሰጥተው፣ ቁልፍና ስልካቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ሲወጡበት አየሁ፤ ጎንበስ ብሎ ማየት ስለሚከብዳቸው ልጁ በእጅጌው መስተዋቱን ወልወል አድርጎ ቁጥሩን አነበበላቸው፤ እርሳቸውም ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ ብሩን ሰጥተው ሄዱ። ልጁ አሥራ ሦስት ዓመት ቢሆነው ነው፤ የትከሻው አጥንት ከሹራቡ ሥር ይታያል። «አንተስ ስንት ኪሎ ነህ?» ብዬ ብጠይቀው «እኔ ጠዋት ጠዋት ሚዛኑ መሥራቱን ለማየት እወጣበታለሁ» አለኝ። «ሲቀንስብህስ?» ብለው «ያን ጊዜ ሚዛኑ ይሁን እኔ አላውቅም» ብሎ መለሰልኝ። የከተማው ሰው ሁሉ ውፍረቱን የሚለካበት መሣሪያ በየማለዳው የሚፈተነው በዚህ ልጅ አካል ነው፤ የእርሱ ክሳት የሌላው ሰው ሁሉ ቁጥር መነሻ ነው። ይህን ከሰማሁ ወዲህ ስለ ክብደት የተጻፈ ማናቸውንም ነገር ሳነብ ይህ መልስ ከአሳቤ አልወጣም።

እኛ ኢትዮጵያውያን ስለ ውፍረት ያለን ፍርድ በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ተገልብጧል። ከረጅም ጊዜ በኋላ የተገናኘነውን ወዳጅ «ተመችቶሃል» ስንለው እያመሰገንነው ነበር፤ «ምነው ከሳህ፣ ጠቆርህ?» ስንለው ደግሞ ኀዘንና በሽታ ወይም ማጣት ቤቱ ገብቷል ብለን ሰግተን ነበር። ዛሬ ያው «ተመችቶሃል» በአንዳንዱ ጆሮ እንደ ወቀሳ ይሰማል፣ በተለይ ልጆቻችን ሲሰሙት ይከፋቸዋል። ሽማግሌዎቹን ግን ስለ ቀድሞው ፍርዳቸው ልንወቅሳቸው አይገባም፤ ምክንያቱ በገዛ ዓይናቸው ያዩት ነውና። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. የወሎን ረኀብ ያየ፣ በ1977 ዓ.ም. ደግሞ የባሰውን ያየ ትውልድ፣ በሥጋ ላይ የተከማቸ ስብ የነገ ዋስትና መሆኑን ማንም ሳያስተምረው ያውቃል። በዚሁ በቸርችል ጎዳና ላይ፣ ከጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ፊት ለፊት የቆመው የትግላችን ሐውልት የተመረቀው በመስከረም 1977 ዓ.ም. ነው፤ ከተማው ለአብዮቱ 10ኛ ዓመት በዓል በቀይ ጨርቅና በመብራት አሸብርቆ ሳለ፣ በቆረም ሜዳ ላይ እናቶች ከአንድ ቅል የማይከብዱ ሕፃናት በእቅፋቸው ይዘው እህል ይጠብቁ ነበር። ሁለት ወር ሳይሞላ፣ በጥቅምት፣ የዚያ ሜዳ ሥዕል በቴሌቪዥን ለዓለም ታየ። በደንጊያ የተሠራው ያን ያህል ከብዶ፣ በሥጋ የተሠራው ያን ያህል ቀልሎ በአንድ መንግሥት ሥር መገኘቱን ሐውልቱን ባየሁ ቍጥር አስበዋለሁ፤ ልረሳውም አልፈልግም።

ዛሬም ቢሆን ሁለቱ ነገሮች ጎን ለጎን ይኖራሉ። በ2008 ዓ.ም. በአገሪቱ በተደረገው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆናቸው ሴቶች ከመቶ 22ቱ ከሚገባው በታች የከሱ ሲሆኑ ከመቶ 8ቱ ከሚገባው በላይ የወፈሩ ሆነው ተገኝተዋል፤ በአዲስ አበባ ብቻ ሲታይ ግን የወፈሩት ቍጥር ከዚህ እጅግ ይበልጣል። ስለዚህ በአገራችን ስለ ክብደት የሚነገር ነገር ሁሉ የአንድ ሰው ገበታ ጉዳይ ብቻ ሊሆን አይችልም፤ አንዱ የሚጨምረው ሌላው በሚቀንስበት አገር ነውና።

ከዚህ ላይ ቀድሞ ያነሣሁት ጥያቄ ይመለሳል፤ ያ ክብደት የማን ነው? በጣልያን አገር ይኖር የነበረ ሳንቶሪዮ የተባለ ሐኪም ከሚዛን ላይ የተንጠለጠለ ወንበር አሠርቶ፣ በዚያ ላይ እየተቀመጠ ሠላሳ ዓመት ያህል ራሱን፣ የሚበላውንና የሚጠጣውን፣ ከሰውነቱ የሚወጣውንም ሁሉ ሲመዝን ኖረ፤ ውጤቱንም እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር በ1614 አሳትሞ አወጣ። ያስደነቀው ነገር ይህ ነው፤ በቀን 8 ፓውንድ ምግብና መጠጥ ቢወስድ 5 ፓውንድ ያህሉ በዓይን ሳይታይ ከሰውነቱ ይጠፋ ነበር። ያ ወዴት እንደሚሄድ እርሱ አብዛኛውን በቆዳ ላይ በሚተን ላበት አድርጎ ገመተ፤ ከዚያ በኋላ የተነሡት ደግሞ የትንፋሹን ድርሻ ለይተው አወቁ። ስለ ስብ የተደረገው ስሌት ከሁሉ ይልቅ ይደንቃል፤ ሰው 10 ኪሎ ስብ ሲቀንስ 8.4 ኪሎው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ በእስትንፋስ ይወጣል፣ የቀረው 1.6 ኪሎ ውኃ ይሆናል። ብዙ ሰው ስብ ወደ ሙቀት ወይም ወደ ጉልበት ተለውጦ የሚጠፋ ይመስለዋል፤ ሙቀትና ጉልበት እርግጥ ይገኙበታል፣ ክብደቱ ግን በአብዛኛው የሚወጣው በአፍንጫችን ነው። ያም ትንፋሽ በከንቱ አይቀርም፤ ዕፅዋት ስበው ግንድና ቅጠል ያደርጉታል። ዳገቱን ሲወጣ የሚያለከልከው ጎልማሳ ከሥጋው የተነፈሰው ነገር በእንጦጦ ባሕር ዛፍ ውስጥ ቆሞ፣ ቆይቶም በሌላ ሰው ምድጃ ሊነድ ይችላል።

ኦሪት ዘፍጥረት የሰውን አፈጣጠር ሲነግረን አፈርና እስትንፋስ የተገናኙበት መሆኑን ያስተምረናል። አፈሩ በዕድሜያችን ሁሉ እየተተካ፣ እየገባ እየወጣ የሚያልፍ እንጂ አንድ ጊዜ ተሰጥቶን የምንይዘው አለመሆኑን ማወቅ ለሃይማኖት ሰው አስፈሪ ሊሆን አይገባውም። ስለዚህም ይመስለኛል ሊቃውንት በትንሣኤ የሚነሣውን ሥጋ በኪሎ ለክተው ያልነገሩን፤ ዕድሜውን ወስነው ክብደቱን ግን ሳይወስኑ ተውት። ያ በእጃችን ያለፈው ሁሉ ሥጋ ለማን እንደ ተረፈ፣ ከማንስ እንደ ተወሰደ ግን የሚጠየቅበት ቀን አለ፤ የዚህንም ሚዛን ሥራ በአገራችን ከበላዔ ሰብእ ታሪክ አብልጦ የሚያሳይ የለም።

ታሪኩን ሁሉም ያውቀዋል፤ የካቲት 16 ቀን በኪዳነ ምሕረት በዓል ይነበባል፣ በብዙ አብያተ ክርስቲያናት ግድግዳ ላይም ተሥሎ ይታያል። የቅምር አገር ሰው የነበረው ስምዖን በሰይጣን ተታልሎ የገዛ ልጁን አርዶ ከቀመሰ በኋላ ሰው መብላት ለመደ፤ ሰባ ስምንት ነፍስም በላ። ከዚያ በኋላ በመንገድ የተጠማ ሕመምተኛ ነዳይ አግኝቶ፣ ሰውየው በእግዚአብሔርም በመላእክትም በጻድቃንም ስም ለምኖት እምቢ ካለው በኋላ፣ በእመቤታችን ስም ሲለምነው ጥርኝ ውኃ አጠጣው፤ ጉሮሮውን እንኳ በቅጡ ሳያርስለት አቋረጠው። በፍርድ ጊዜ በአንዱ ወገን የሰባ ስምንቱ ነፍስ፣ በሌላው ወገን ጥርኝ ውኃው ተመዘነ፤ የእመቤታችንም ጥላ ካረፈበት በኋላ ውኃው አመዘነ። መምህራን ይህን የሚተርኩት ስለ አማላጅነቷና ስለ ቃል ኪዳኗ ነው፤ ከዚያ ትምህርት ላይ የምጨምርበት የለኝም። እኔ የማመለክተው ሚዛኑ ላይ የተቀመጠውን ነገር ብቻ ነው። ያ ሰው በሕይወቱ ከማንም የበለጠ ሥጋ በልቷል፤ በአፉ የገባው ሁሉ በእርሱ ላይ ሊመሰክር በሚዛኑ ተቀመጠ፤ ስለ እርሱ የተቀመጠው ግን ከእጁ ወጥቶ ወደ ሌላ ሰው አፍ የገባው፣ ያውም ሳይሞላ የተቋረጠው ነበር።

ጾምን በዚህ ዓይን ስናየው መልኩ ይለወጣል። ከዐቢይ ጾም 55 ቀንና ከፍልሰታ ሱባዔ ጀምሮ የረቡዕንና የዓርብን ጾም ጨምሮ ሕግ የሚጠብቅ ምእመን ከዓመቱ ግማሽ ያህሉን፣ ካህንና መነኩሴ ደግሞ ከዚያ የሚበልጠውን ይጾማል። ፍትሐ ነገሥት በ15ኛው አንቀጽ ስለ ጾም ሲደነግግ ዓላማው የፍትወትን ኃይል ማድከም፣ ሥጋን ለነፍስ ማስገዛት መሆኑን ያስረዳል። ነገር ግን ሥጋን ማድከም ብቻውን ጾም ከሆነ፣ የሚጾመውና ለመልኩ ብሎ የሚከሳው ሰው በምን ይለያያሉ? በዘርዐ ያዕቆብ ስም የሚታወቀው ሐተታ፣ ደራሲው ማን እንደ ሆነ እስከ ዛሬ የሚያከራክር ቢሆንም፣ ይህን የመብል ሕግ በልቡና ሚዛን ሲመዝነው ከፈጣሪ ሳይሆን ከሰው የመጣ ነው ብሎ ይፈርድበታል። እኔ በዚህ ፍርድ አልስማማም፤ ተቃውሞው ግን ቸል የሚባል አይደለም፣ መልስ ይፈልጋልና። መልሱንም ያገኘሁት በሔርማስ መጽሐፍ ነው፤ በሁለተኛው ምዕት ዓመት በሮም ከተማ የተጻፈ፣ በጥንት ዘመን ወደ ግእዝ የተመለሰ፣ ፈረንሳዊው አንቷን ዳባዲ በ1847 በጉንዳ ጉንዶ ገዳም አግኝቶ በ1860 ያሳተመው መጽሐፍ ነው፤ ዓመቶቹ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው። በዚያ መጽሐፍ፣ ስለ ጾም በሚናገረው ምሳሌ፣ የሚጾም ሰው በዚያ ቀን እንጀራና ውኃ ብቻ ቀምሶ፣ ሊበላው የነበረውን መብል ዋጋ አስልቶ ለመበለት ወይም ለሙት ልጅ ወይም ለተቸገረ ሰው እንዲሰጥ ታዟል። ከአንዱ ሥጋ የቀነሰው በሌላው ሥጋ ላይ እስኪጨመር ድረስ ጾሙ አልተፈጸመም ማለት ነው።

ዛሬ እኛ የምንጾመው በዚህ ስሌት ነውን? የጾም ምግብ እየበዛና እየተወደደ፣ በየምግብ ቤቱ የሚቀርበው የጾም በያይነቱ ከፍስኩ ገበታ ሳያንስ፣ ሁዳዴን ጨርሰን በፋሲካ ማግሥት ያጣነውን ሁሉ በእጥፍ ስንመልስ፣ ከእኛ ላይ የወረደው ክብደት በማን ላይ እንደ ወጣ ቢጠየቅ የሚመልስ ብዙ ሰው አይገኝም። ድሮ በየቤቱ በጽዋና በዝክር የሚዘረጋው ጸበል ጸዲቅ ቢያንስ በደጅ የቆመውን ነዳይ ያካትት ነበር፤ አሁን ግን የግቢው በር ተዘግቶ የሚዘከርበት ቤት በዝቷል፣ ይህንንም ስናገር በኀዘን ነው።

በተለይ የሚያሳዝኑኝ ባሕርየ መሬት የሠለጠነባቸው አዛውንት ናቸው። በጥቁር አንበሳም ሆነ በሌላ ሆስፒታል የስኳር ሕመም ክትትል የሚያደርጉ ሽማግሌ፣ ሐኪሙ «አባባ፣ ኪሎዎ እየቀነሰ ነው፤ ከእንግዲህ መጾም የለብዎትም» ሲላቸው፣ ስለ ሕመማቸው ያላለቀሱት ስለ ጾማቸው ያለቅሳሉ። ከሰባት ዓመታቸው ጀምሮ የያዙት ሕግ ነውና ያለ እርሱ ማን እንደ ሆኑ አያውቁም። ቀኖናው በደዌ የተያዘውን ሰው ከጾም ግዴታ ነፃ ያደርገዋል፤ የንስሐ አባታቸውም «ፈትቼዎታለሁ» ይሏቸዋል፤ እርሳቸው ግን ወተቱን እንደ በደለኛ ተደብቀው ይጠጡታል።

ከዚሁ ሰፈር፣ በፒያሳ በኒን መስጊድ የሚሰግዱት ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ለእንዲህ ያለው ሰው የተቈረጠ ሕግ አላቸው። በእርጅና ወይም በማይድን ሕመም ምክንያት ረመዳንን መጾም ያልቻለ ሰው ስለ እያንዳንዱ ቀን አንድ ምስኪን ያበላል፤ ይህንንም ፊድያ ይሉታል። የነቢዩ አገልጋይ የነበረው አነስ ኢብን ማሊክ አርጅቶ መጾም በተሳነው ጊዜ በየቀኑ ለአንድ ምስኪን ዳቦና ሥጋ ያበላ እንደ ነበር ይተረካል። የእኛም የንስሐ አባቶች፣ አዛውንቱን ከጾም በሚፈቱበት ቀን፣ ከጥንት ጀምሮ በግእዝ የተጻፈውን የሔርማስን ስሌት አብረው ቢያዟቸው፣ ለፍልሰታ ለእያንዳንዱ ቀን የአንድ ሰው ምሳ፣ ለሁዳዴም እንዲሁ ሃምሳ አምስት ምሳ፣ አቅም ለሌለው ደግሞ ግማሹን ወይም ሩቡን ቢወስኑለት፣ እኒያ ሽማግሌ ወተታቸውን በግልጥ ተቀምጠው ሊጠጡ ይችላሉ፤ ምሳውንም የሚበላ ሰው ለማግኘት ከቸርችል ጎዳና ርቀው መሄድ አያስፈልጋቸውም።